ከጡረታ በኋላ ሦስት ዓመት፦ የመምህርት ጥሩወርቅ ሣህሉ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ጥሩወርቅ ሣህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሉ ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ይፍሩ ግንቦት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሰኮሩ ከተማ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና ነው። አባታቸው ከሰላሌ ተነስተው የጅማን መንገድ ጥገና ተከትለው የመጡ ሠራተኛ ነበሩ። የሠራተኞቹ ካምፕ ሰኮሩ ላይ ለጥቂት ወራት ሲያርፍ ቤት ተከራዩ፤ ካምፑ ሲነሳ ግን እሳቸው አልተነሱም። እናታቸው ለሾፌሮችና ለተሳፋሪዎች ምሳ የሚያቀርቡባት አንዲት ጠባብ ቤት ከፍተው ስድስት ልጆች አሳደጉባት። ጥሩወርቅ ሦስተኛዋ ናቸው። አማርኛን ከእናታቸው፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች እኩል ይዘው አደጉ፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻም ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰኮሩ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ሄርማታ ከሚኖሩት አክስታቸው ቤት ተጠግተው በጅማ ከተማ ተከታተሉ። በ1971 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አጋሮ ተመደቡ። ያን ጊዜ አንድ ክፍል ሰባ ሰማንያ ተማሪ ይይዝ ነበር። ቡና ሲደርስ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ይቀራል፤ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ይወርዳሉ። ሌላው መምህር ስም ጠርቶ ቀሪ ሲመዘግብ፣ ወጣቷ መምህርት ከሰዓት በኋላ ጠመኔና ትንሽ ሰሌዳ ይዘው ልጆቹ ካሉበት ይሄዱ ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ሲጠየቁ፣ ትምህርት ቤቱ እግር እንደሌለው፣ እሳቸው ግን እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። ይህ ልማድ ኋላ ለትልቅ ነገር ጠቀማቸው።

ጥር 14 ቀን 1976 ዓ.ም. በአጋሮ የቡና መፈልፈያ ማሽን መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ዋቅጋሪ ጉደታ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ሰሎሜንና ለሊሳንም ወለዱ። አቶ ዋቅጋሪ ንግግር የማያበዙ፣ ቀልድ ግን የማያልፋቸው ሰው ነበሩ። ስለ ባለቤታቸው ሲጠየቁ፣ «ቤታችን ሁለት ሞተር አለ፤ አንዱን ሳጠፋው ይቆማል» ይሉ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ጅማ ተዛወረ። ጥሩወርቅም ሄርማታ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በ1996 ዓ.ም. ክረምት ለልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሠለጥን አንድ ሰው ከትምህርት ቤቱ ሲጠየቅ፣ በስብሰባው ላይ የነበረው መምህር ሁሉ አቀረቀረ። ልዩ ክፍል መመደብ እንደ ቅጣት በሚታይበት ዘመን እጃቸውን ያወጡት ጥሩወርቅ ብቻ ነበሩ። ምክንያታቸው ሲጠየቅ ትልቅ ቃል አልተናገሩም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ እሳቸው አንገታቸውን አሟቸው ቀና ማለታቸውን ነበር የሚናገሩት።

ከሥልጠናው ተመልሰው በ1997 ዓ.ም. በዘጠኝ ልጆች ልዩ ክፍሉን ከፈቱ። የተሰጣቸው ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ፣ ከግቢው ጥግ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ክፍል ነው። መስኮቱን ራሳቸው አጠቡ፤ መደርደሪያውን አቶ ዋቅጋሪ ሠሩ።

የዚህች ክፍል ታሪክ ሲነገር የማይዘለል አንድ ነገር አለ። ለቀብር ቀን የሚሆን ወሬ አይደለም የሚል ይኖራል። እንዲነገር ያዘዙት ግን መምህርቷ ራሳቸው ናቸው።

በመስከረም 1999 ዓ.ም. ወይዘሮ ባህሪያ አብዱልሃዲ የተባሉ የቦሳ አዲስ ሰፈር ነዋሪ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ሩፈይዳን ይዘው መጡ። ባህሪያ በቡና መጋዘን የተፈለፈለ ቡና በእጅ እየለቀሙ የሚያድሩ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቷ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ከሞት ተርፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትናገረው የነበረው ቃል ቀስ በቀስ ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ሕመሙ አእምሮዋን ወሰደው ብሎ ደምድሟል። እናትም ሲባል የሰሙትን አምነው ያንኑ ለመምህርቷ ነገሩ።

ጥሩወርቅ ልጅቷን እንደተማሩት መዘኗት። መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ሄደው አጨበጨቡ። ሩፈይዳ ዞረች፤ «ትሰማለች» ብለው ጻፉ። ሲራመዱ ጣውላው ከእግራቸው ሥር እንደሚንቀጠቀጥ ልብ አላሉም። ቀጥለው አንድ ትሪ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ አቀረቡና ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ጋር እንድታደርግ ነገሯት። ልጅቷ ትሪውን አየች፤ መምህርቷን አየች፤ ከዚያም በሁለት እጇ ፈጥና መለየት ያዘች። ስትጨርስ ሁለት ክምር ሠርታለች፤ በሁለቱም ውስጥ ግን ቀይም ቢጫም ተደባልቋል። ጥሩወርቅ በማኅደሯ ላይ «ቀለም አትለይም፤ ቀላል ትእዛዝ አትረዳም» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም። ሩፈይዳ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ተመደበች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶቃ በክር ስትሰካ፣ ቁልፍ መቆለፍና እጅ መታጠብ ስትለማመድ ኖረች። ፊደል አልተሰጣትም።

ኅዳር 2002 ዓ.ም. ቡና ደርሶ ክፍሉ ሲሳሳ፣ መምህርቷ እንደ አጋሮው ጊዜ የቀሩትን ልጆች ፍለጋ ወጡ። ሩፈይዳን ያገኟት እናቷ ከሚሠሩበት መጋዘን ነው። አርባ የሚሆኑ ሴቶች በሲሚንቶ ወለል ላይ በረድፍ ተቀምጠው ይለቅማሉ፤ ደህናውን ፍሬ በአንድ ወገን፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን በሌላ ወገን። ሩፈይዳ ከእናቷ ጎን ሆና ታግዛለች፤ እጇ ከትልልቆቹ ይፈጥናል። የመጋዘኑ ካቦ አቶ ቲጃኒ፣ መምህርቷ ልጅቷን ትኩር ብለው ሲያዩ ሊወስዱባቸው የመጡ መሰላቸው። «መምህርት፣ ይቺን ይተዉልኝ» አሉ። «እሷ ያለፈችበትን ክምር ሌላ ለቃሚ አይደግመውም።»

ወዲያው የምሳ ሰዓት ሆነና ካቦው ከረድፉ ኋላ ቆመው ተጣሩ። አርባው ሴት በአንዴ ብድግ አለ። ሩፈይዳ ግን አቀርቅራ መልቀሟን ቀጠለች፤ እናቷ ትከሻዋን ሲነኳት ነው ቀና ያለችው። ሲሚንቶ እንደ ጣውላ አይንቀጠቀጥም።

ጥሩወርቅ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ልጅቷን አስቀምጠው ያንኑ የቆርኪ ትሪ ያለ አንድ ቃል ሰጧት። ሩፈይዳ እንደ ድሮው ሁለት ክምር ሠራች። አሁን መምህርቷ ቀለሙን ትተው ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አነሱ። በአንደኛው ክምር ያሉት ሁሉ ደህና ናቸው፤ በሁለተኛው ያሉት የዛጉ፣ የተጣመሙ፣ ጠርዛቸው የተሰነጠቀ። እናቷ ቡና እንደሚለቅሙት ለቅማቸዋለች፤ አንድም አልሳተችም። ከዚያ አንድ ቀይና አንድ ቢጫ ቆርኪ ለየብቻ አስቀምጠው በእጃቸው አሳዩዋት። ልጅቷ ትሪውን ሁሉ በቀለም ለይታ ጨረሰችና ሌላ ትሪ ይኖር እንደሆነ ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ አየች።

በሐኪም ስትመረመር ጉዳቱ የመስማት እንጂ የአእምሮ አለመሆኑ ተረጋገጠ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ በዝምታ እንዲስተካከል መከሩ። ክፍሉ የተከፈተው በልጆች ቁጥር ነው፤ ምደባው ስህተት ነበር ከተባለ የሌሎቹም ይጠየቃል፤ ክፍሉም ሊዘጋ ይችላል የሚል ስጋት ነበራቸው። ስጋቱ ከንቱ አልነበረምና በእሳቸው መፍረድ አይገባም። ጥሩወርቅ ግን ማኅደሩን አውጥተው ከቀድሞው ጽሑፍ ግርጌ «ስህተቱ የልጅቷ አይደለም፤ የመዛኟ ነው» ብለው ጻፉበት፤ ስማቸውንና ቀኑን አኖሩበት። የቀሩትን ልጆችም አንድ በአንድ እንደገና መዘኑ። ክፍሉ ሳይዘጋ ተረፈ፤ ዓመቱን ግን በሰቀቀን ነው የጨረሱት።

ከዚህ ሁሉ የከበዳቸው ወደ ቦሳ አዲስ መሄድ ነበር። ባልደረባቸውን መምህርት ለጢፋን አማላጅ ይዘው ወደ ባህሪያ ቤት ገቡ። ፍራሽ ቢነጠፍላቸውም አልተቀመጡም፤ ከበሩ አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ።  ባህሪያ አልጮኹም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የጎደላትን ሲነግሩኝ አመንኩ፤ አሁን የሞላላትን ሲነግሩኝ በምን ልመን?» አሉ። መምህርት ለጢፋ ነገሩን ለማለዘብ ሲሞክሩ ባህሪያ በእጃቸው ከለከሏቸው። «አውፍ ማለት፣ ይቅር ማለት አያቅተኝም። ግን ሦስቱን ዓመት ይመልሱልኝ፤ ከዚያ አውፍ እላለሁ።»

ጥሩወርቅ «እመልሳለሁ» ብለው ወጡ። ያለፈ ዓመት እንዴት እንደሚመለስ ያን ቀን እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ልጅቷን ለማስተማር መጀመሪያ ራሳቸው መማር ነበረባቸው። በሃምሳ ዓመታቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ከሚሰፋው ከሸኩር ዘንድ የምልክት ቋንቋ ተማሩ። ሸኩር መስማት የተሳነው፣ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ማንንም የማይፈራ ሰው ነው። ሲያሾፍባቸው እጃቸው እንደሚንተባተብ፣ ጣታቸውም እንደ አዲስ ጫማ እንደሚጠብ በምልክት ይነግራቸው ነበር። አንድ ጊዜ «ጥሩ ተማሪ ናት» ሊሉ ፈልገው «ጥሩ በግ ናት» ማለታቸውን ሸኩር ለደንበኞቹ ሁሉ አዳርሶታል። እሳቸውም ራሳቸው እያሳቁ ይተርኩት ነበር። ቅዳሜ የተማሩትን ሰኞ ለሩፈይዳ ያስተምራሉ፤ ልጅቷ ግን ዓርብ ላይ ቀድማቸው ትገኝ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሩፈይዳ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ ከክፍል እኩዮቿ በዕድሜ ብትበልጥም በትምህርት አንሳ አታውቅም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የልዩ ክፍሉ አሠራር ተለወጠ። ቤቱ ሳይታይ ልጅ አይመዘንም። አዲስ ልጅ ሲመጣ መምህርቷ ቤተሰቡ ከሚውልበት ሄደው አንድ ቀን ይውላሉ፤ ልጁ ከማሳ፣ ከሱቅ፣ ከጓዳ ምን እንደሚሠራ ያያሉ። ፋሂም የተባለው ልጅ ማንበብ አይችልም ተብሎ ሦስት ጊዜ አንደኛ ክፍል ደግሟል። መምህርቷ ከአባቱ ሱቅ ሄደው ሲያዩት ግን ሚዛኑን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ያነባል። ችግሩ የማየት ነበር፤ በትልቅ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ አዘጋጅተውለት ከፊት ወንበር አስቀመጡት፤ በዚያው ዓመት አለፈ። እግሩ ለማይታዘዝለት ልጅ አቶ ዋቅጋሪ ከተጣለ የመፈልፈያ ማሽን ብረት ወንበር ሠርተውለታል። ወንበሩ ዛሬም በክፍሉ አለ፤ ስድስተኛ ባለቤቱ ላይ ደርሷል።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት መምህርት ጥሩወርቅ አይወዱትም ነበር። «የወለዱት ለምን ይጠፋል? ሁለቱንም መያዝ ነው» ይሉ ነበር።

ጉድለት አልነበራቸውም አይባልም። ሠርግ ተጠርተው ሙሽራዋን ሳያዩ ከጓዳ የተደበቀ ልጅ ካለ ብለው ይፈልጉ ነበር። አንድ ጊዜ ሊሙ ገነት ለዘመድ ድግስ ሄደው፣ ባለቤቶቹ በእንግዳ ፊት እንዳይታይ ከቡና ጆንያ ኋላ ያስቀመጡትን ልጅ አውጥተው ማዕድ ላይ አስቀመጡት፤ ወላጆቹንም በሰው መሐል ተናገሩ። ያ ቤተሰብ ሁለት ዓመት አኮረፋቸው። ልጁን ማውጣታቸው ልክ እንደነበር፣ በሰው ፊት መናገራቸው ግን እንዳልነበር ኋላ አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጁም ዛሬ ከዚህ አለ።

አቶ ዋቅጋሪ በ2006 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። መምህርቷ ሐዘናቸውን በሥራ ነው የያዙት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ መርቆ ሸኛቸው። በመስከረም ግን ትምህርት ሲከፈት ጋቢውን ለብሰው ያችኑ ክፍል ከፍተው ተገኙ። ልጆቻቸው እንዲያርፉ ለመኑ፤ ለሊሳማ እናቴ ጡረታ መውጣቷን ማን ይንገራት እስከማለት ደርሶ ነበር። ያለ ደመወዝ፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ሠሩ። እስከ መቼ ነው ሲባሉ «ሦስት ዓመት» ይላሉ። ለምን ሦስት እንደሆነ ሰው አልጠየቃቸውም፤ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ ሁሉም ተወው።

በእነዚህ ዓመታት ሩፈይዳ የመምህራን ኮሌጅ ትማር ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ተመረቀች። በ2015 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያችው ክፍል መምህርት ሆና ተቀጠረች። መምህርት ጥሩወርቅ አንድ ዓመት አብረዋት ሠሩ። በሰኔ ወር መጨረሻ የክፍሉን ቁልፍ በእጇ አስቀመጡላት። አብሮ የተሰጣት ከቁልፉ ሌላ አንድ ትሪ ቆርኪና አንድ ያረጀ ማኅደር ነበር። ሩፈይዳ ማኅደሩን ከፍታ አነበበች፤ ከዚያም ዘግታ መደርደሪያው ላይ፣ ለሚመጣ መምህር ሁሉ ከሚታይበት ቦታ አኖረችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

መምህርት ጥሩወርቅ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዓይናቸው እየደከመ፣ ኩላሊታቸውም እየተጎዳ ሄደ። ማየት ሲሳናቸው ሩፈይዳ ምልክቷን በመዳፋቸው ላይ ታደርግላቸው ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ሆስፒታል ሲገቡ ያለፈ ነገር አልደበቁም፤ የሚመጣውንም አልፈሩም። የወንድማቸውን ልጅ ፍሬዘርን ጠርተው የሕይወት ታሪካቸውን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ አዘዙት። ፍሬዘር ጽፎ ሲያነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና ሩፈይዳን ለምን እንደዘለላት ጠየቁት። ለእንዲህ ያለ ቀን የማይሆን መስሎት እንደተወው ነገራቸው። «እንግዲያው የማንን ታሪክ ነው የጻፍከው?» አሉት። ከላይ የተነበበው እንደገና የተጻፈው ነው።

ጥር 18 ቀን ወይዘሮ ባህሪያ ሊጠይቋቸው መጡ። ሰሎሜ፣ ለሊሳና መምህርት ለጢፋ ከአልጋው አጠገብ ነበሩ። ባህሪያ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ከዚያም ሁሉም የሰማውን ተናገሩ።

«መምህርት፣ በኛ ደንብ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ሳይነሳ፣ እሱ ላይ ሐቅ ያለው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ያን ቀን አልጠብቅም፤ እየሰሙኝ ልናገር። ጡረታ ወጥተው መስከረም ላይ ተመልሰው ሲገቡ ገብቶኛል። ሦስቱም ዓመት ደርሶኛል። አውፍ ብያለሁ።»

ጥሩወርቅ ፈገግ ብለው፣ «ቆጥረሽ ነው?» አሏቸው።

«ለቃሚ ነኝ እኮ» አሉ ባህሪያ። «አንድም ብላሽ አላገኘሁበትም።»

የሦስቱ ዓመት ትርጉም ለልጆቻቸው የተገለጠው ያን ቀን ነው።

መምህርት ጥሩወርቅ ሣህሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥር 24 ቀን ዘመድ ወዳጆቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት በሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት ትተዋል። በሃያ ዓመታት ውስጥ በዚያች ክፍል ያለፉት ልጆች ደግሞ ቁጥራቸው ከሁለት መቶ ይበልጣል፤ ብዙዎቹ በዚህ ሐዘን ላይ አሉ። መስማት የተሳናቸው ከፊት ቆመዋል፤ ይህ ታሪክ ሲነበብ በምልክት ቋንቋ የምታደርስላቸው መምህርት ሩፈይዳ ናት። የተጻፈውን አስቀድማ አንብባዋለች፤ የተለወጠ ቃል የለም።

በሕመማቸው ለደከማችሁ፣ በሐዘኑም ላይ ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ማንንም በስህተት የማይመዝን አምላክ የወለተ ሐናን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት፤ በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፋት፤ ለቀረነውም ጥፋታችንን በስማችን የምንጽፍበት ልብ ይስጠን። አሜን።